ሠራ ወይስ አልሠራም? ሰሜን ሸዋ ላይ አዲስ አሠራር ለሚሞክር ሰው የምርምር ዘዴ ምርጫ

ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ወረፋ ለማሳጠር አዲስ አሠራር ሊጀምር ነው እንበል። ከተማው ደግሞ ባጃጆችን ከአንድ ጠባብ መንገድ አንስቶ ሌላ ቦታ ሊያስቆም አስቧል። አንድ የወተት ማኅበር ክፍያውን በሊትር ብቻ ሳይሆን በወተቱ ጥራት ሊያደርገው ፈልጓል። ሦስቱም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ነገሩ ያዋጣል ወይ?

ይህን ለማወቅ የሚያስችሉ መንገዶች ብዙ ናቸው። ወጪያቸው ይለያያል፤ የሚሰጡት መልስም ይለያያል። እኛ ጋ ግን ገና ከጅምሩ እጅ የሚዘረጋው ወደ መጠይቅ ነው። ወረቀቱ ይባዛል፣ ይበተናል፣ ይሰበሰባል፣ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። በመጨረሻ "አብዛኞቹ መላሾች አሠራሩን ይደግፉታል" የሚል ሪፖርት ይወጣል። ደጋፊው ስንት እንደሆነ አወቅን። ወረፋው ማጠሩን ግን አላወቅንም።

ስለዚህ ከዘዴው በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም። መልሱ ሲመጣ ማን ምን ይወስናል? የጤና ጣቢያው ኃላፊ አሠራሩን ሊያስቀጥል ወይም ሊተወው ከሆነ ቀለል ያለ ማስረጃ ይበቃዋል። የዞኑ ጤና መምሪያ በየወረዳው ሊያዳርሰው ከሆነ ግን ጠንከር ያለ ነገር ያስፈልጋል። አንዳንዴ ደግሞ መልሱ "አይሠራም" ቢሆንም አሠራሩ አይቀርም። በጀቱ ተለቋል፣ ሪባን የሚቆረጥበት ቀን ተይዟል። እንዲህ ከሆነ "ይሠራል ወይ?" ብሎ መመራመር ገንዘብ ማባከን ነው። ያኔ የሚሻለው "እንዴት አድርገን በደንብ እናስኪደው?" የሚለውን መጠየቅ ነው።

መጠይቅ፦ 384 የምትባለው ቁጥር

ማስተርስ የተማረ ሰው 384ን ያውቃታል፤ መጠይቅ የሚሞላው ሰው ብዛት ናት። የጤና ተማሪ ከሆነ ደግሞ መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ጨምሮ 423 ይላታል። ቁጥሯ ከሰማይ አልወረደችም። አንድ ነገር በሕዝቡ ውስጥ ያለውን ድርሻ ሳናውቅ ግማሽ በግማሽ ነው ብለን እንነሳለን። ከዚያ በ95 በመቶ መተማመን፣ ከ5 በመቶ ባልበለጠ ስሕተት ድርሻውን ለመገመት ስንት ሰው ይበቃል ብለን እናሰላለን። መልሱ 384 ይመጣል። ሒሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ የሚመልሰው ጥያቄ ሌላ መሆኑ ነው። "ከከተማው ነዋሪ ስንቱ የጤና መድህን አባል ነው?" ለሚል ጥያቄ ያገለግላል። "አዲሱ አመዘጋገብ አባላትን ጨመረ ወይ?" ለሚለው አያገለግልም። እሱ ማነጻጸሪያ ይፈልጋል፤ የናሙናው መጠንም የሚሰላው "ምን ያህል ለውጥ እንጠብቃለን?" ከሚለው ተነስቶ ነው። ይህን ለአድቫይዘር መንገር ድፍረት ይጠይቃል፣ አውቃለሁ።

ሌላው የመጠይቅ ጣጣ ይሉኝታ ነው። የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ራሱ ወረቀት ይዞ "አገልግሎቱ እንዴት ነው?" ቢል፣ ነገ ልጇን ይዛ የምትመለስ እናት ምን ትበል? "ተመስገን፣ ጥሩ ነው" ትላለች። መፍትሔው ሁለት ነው። ጠያቂው ከተቋሙ ውጭ ይሁን። ጥያቄውም ከስሜት ወደ ድርጊት ይዙር። "ረክተዋል ወይ?" ከማለት "ባለፈው የመጡ ዕለት የታዘዘልዎትን መድኃኒት እዚሁ አገኙ ወይስ ውጭ ገዙ?" ማለት ይሻላል። ለዚህኛው ማንም ይሉኝታ አይዘውም።

መጠይቅ የችግሩን ስፋት ለማወቅ ደህና ነው። የአዲስ አሠራርን ውጤት ለመለካት ግን ከሁሉም መጨረሻ የምመርጠው እሱን ነው።

ቁጭ ብሎ ማየት

ይህን ብዙ ሰው እንደ ምርምር አይቆጥረውም። እኔ ግን የትኛውም ሥራ በዚህ ቢጀመር ደስ ይለኛል። ምክንያቴ እዚሁ አጠገባችን፣ ሞረትና ጅሩ ውስጥ አለ።

የእነዋሪ አካባቢ ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል። ገበሬዎቹ ከጥንት ጀምሮ በእጃቸው ሰፊ መደብና ቦይ እየሠሩ ውሃውን ያጠነፍፉ ነበር። አድካሚ ሥራ ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ይሰለፍበታል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢልካ ይባል የነበረው ዓለም አቀፍ የቁም እንስሳት ምርምር ማዕከልና አጋሮቹ ይህን አሠራር አጠኑ። ከዚያ በሬ የሚጎትተው መሣሪያ ሠሩ። ሁለት የባህል ማረሻ አቀናጅተው መደብና ቦዩን በአንድ ጊዜ እንዲያወጣ አደረጉት። ዛሬ የግብርና ባለሙያው ቢቢኤም (በእንግሊዝኛ፣ ሰፊ መደብ ማውጫ) የሚለው እሱ ነው። ሐሳቡ ከላቦራቶሪ አልወጣም። ማሳ ላይ ቀድሞ ነበር፤ ያስፈለገው የሚያየው ሰው ብቻ ነው።

ለፋብሪካም ለሆስፒታልም ይህ ያው ነው። አንዲት ነርስ ካርድ ሲጠፋ የምትጠቀምባት የራሷ ደብተር ካለች፣ ያቺ ደብተር የሆነ ነገር እየነገረቻችሁ ነው። ወጪው የጥቂት ቀን ጊዜና አንድ ማስታወሻ ነው። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ያያችሁት ነገር ምን ያህል እንደተስፋፋ ወይም ምን ያህል ለውጥ እንዳመጣ አይነግራችሁም። ጥያቄውን ግን ያስተካክልላችኋል። የተሳሳተ ጥያቄ ለ423 ሰው ቢቀርብም ያው የተሳሳተ ነው።

በፊትና በኋላ

ለአብዛኛው ጤና ጣቢያ፣ ለአነስተኛ ፋብሪካና ለሱቅ የምመክረው ይህን ነው። አሠራሩ ከመጀመሩ በፊት ለካ፣ ጀምር፣ እንደገና ለካ፣ አስተካክል፣ ድገም። ካይዘን፣ ማለትም ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ፣ የገባበት ድርጅት ነገሩን ያውቀዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከጃፓኑ የልማት ትብብር ድርጅት ጃይካ ጋር በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ በ2011 እ.ኤ.አ. የካይዘን ኢንስቲትዩት የተቋቋመለት አሠራር ነው። ግድግዳ ላይ "አምስቱ ማዎች" የሚባሉት የካይዘን የሥራ ቦታ አያያዝ ደንቦች ተለጥፈው ማንም ሳይለካ የቀረባቸው ቦታዎችም አሉ። ያ እንግዲህ ቀለም መቀባት ነው።

የወረፋውን ምሳሌ ቀረብ ብለን እንየው። ታካሚው በር ላይ ሲደርስ ትንሽ ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቷ ተራ ቁጥር አላት። ካርድ ክፍል ሲደርስ ሰዓቱ ይጻፍባታል፤ ምርመራ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲም እንዲሁ። ፋርማሲው ወረቀቷን ይሰበስባል። ማታ ላይ ሰዓቱ ይደመራል። ቀላል ይመስላል።

ወጥመዱ ያለው ፋርማሲው ጋ ነው። ፋርማሲ የደረሰው እስከ መጨረሻው የጠበቀ ሰው ብቻ ነው። የተሰላቸው፣ "የምሳ ሰዓት ሆነ፣ ነገ ኑ" የተባለው፣ መኪና እንዳያመልጠው የሮጠው ሰው ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ሄዷል። ከሁሉም በላይ የተጉላላው ደግሞ እሱ ነው። የተመለሰውን ወረቀት ብቻ ብንደምር ወረፋው ከእውነቱ ያጠረ ይመስለናል። ተራ ቁጥሩ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ጠዋት ስንት ወረቀት ወጣ፣ ማታ ስንት ተመለሰ? የጎደለው ቁጥር ራሱ ውጤት ነው። ሌላም አለ። አማካይ ብቻ አታውጡ፤ አንድ ሙሉ ቀን የዋለ ሰው አማካዩን ያዛባዋል። ከአሥሩ ታካሚ ዘጠኙ በስንት ሰዓት ጨርሶ ወጣ የሚለው ለኃላፊውም ለታካሚውም ይበልጥ ይገባዋል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጠላት የቀን መቁጠሪያው ነው። ሰሜን ሸዋ ላይ በተለይ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ወባ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም ጀምሮ ያይላል። ጥቅምት ላይ አዲስ የወባ መከላከያ አሠራር ጀምራችሁ ጥር ላይ ብትለኩ ወባው ቀንሶ ታገኙታላችሁ። ምንም ባትሠሩም ይቀንስ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሳል ያመጣል፣ የታካሚው ዓይነት ይለወጣል። ምግብ ቤት ያለው ሰው አዲስ ሜኑ ዐቢይ ጾም ላይ ለክቶ ከፋሲካ በኋላ ቢያነጻጽር የሚለካው ጾሙን ነው። አጨዳ ሲደርስ ገጠሩ ጤና ጣቢያ አይመጣም፤ ሕመሙ ቢኖርም ለማሳው ያድራል። መንገድ በተዘጋ ሳምንት የተሰበሰበ ዳታም ያው ነው።

መከላከያው ርካሽ ነው። አሠራሩ ያልተጀመረበት ሌላ ጤና ጣቢያ ፈልጋችሁ በተመሳሳይ ጊዜ እዚያም ለኩ። እዚህ በ40 ደቂቃ፣ እዚያ በ35 ደቂቃ ከቀነሰ፣ የእናንተ ድርሻ አምስቱ ደቂቃ ብቻ ነው ማለት ነው። ያ ሌላ ጣቢያ ከደጋ ከሆናችሁ ደጋ፣ ከቆላ ከሆናችሁ ቆላ ይሁን። ደብረ ብርሃንን ከአጣዬ ጋር ማነጻጸር አይሆንም።

ማነጻጸሪያ ማጣት ትልልቆቹንም ያስቸግራል። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና የደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር በስምንት ከተሞች ሆስፒታሎች ተሞክሮ ውጤቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ መውረዱን አሳየ። ጥናቱ በፊትና በኋላ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት ግን ዝርዝሩን ባስገቡ 101 የካናዳዋ ኦንታሪዮ ሆስፒታሎች የሞት ቁጥሩ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ እንዳላሳየ አገኘ። ዝርዝሩ አይረባም ማለት አይደለም። በትዕዛዝ የገባ ወረቀትና ቡድኑ ጮክ ብሎ እያነበበ የሚሠራበት ወረቀት አንድ አይደሉም። ስለዚህ ስትለኩ አሠራሩ በእርግጥ መተግበሩንም ለኩ።

ዕጣ

ውሳኔው ትልቅ ሲሆን፣ ማለትም ብዙ ገንዘብና ብዙ ወረዳ ሲነካ፣ ዕጣን የሚተካ የለም። ማን አዲሱን አሠራር ያግኝ የሚለውን ሰው ሳይሆን ዕጣ ሲወስነው፣ ጎበዙ ቀበሌ ብቻ ተመርጦ ውጤቱ አይጋነንም።

ደብረ ብርሃን የፋብሪካ ከተማ ሆናለች። ብርድ ልብሱ ከጥንት ነበረ፤ ቢራው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተጨመረ። "ወጣቱን ፋብሪካ እናስቀጥረው ወይስ መነሻ ገንዘብ እንስጠው?" የሚለው ክርክር የየቢሮው ነው። ለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ የዕጣ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በአምስት ድርጅቶች ሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከፋፈሉ። አንዱ ቡድን የፋብሪካውን ሥራ አገኘ። ሌላው 300 ዶላር ገደማና የንግድ ሥልጠና አገኘ። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከአንድ ዓመት በኋላ ገንዘብ የተሰጣቸው ገቢያቸው በሲሶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ፋብሪካ የገቡት ገቢያቸው አልጨመረም፤ ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ለቀዋል፣ የጤና ችግርም በርክቶባቸዋል። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ "ገንዘብ ስጡ" ተብሎ ይዘጋ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ግን በሦስቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁለት ነገር ውሰዱ። ዕጣው ባይኖር ፋብሪካ የገባው ሰው ከመጀመሪያውም የተለየ ነበር እየተባለ ክርክሩ አያልቅም ነበር። ዕጣ ቢኖርም ደግሞ የምትለኩበት ጊዜ መልሱን ይለውጠዋል። የአንድ ዓመት ፕሮጀክት የአንድ ዓመት መልስ ነው የሚሰጠው።

"ታዲያ ለግማሹ ሰጥተን ግማሹን እንከልክል?" የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢ ነው። መውጫው ተራ በዕጣ መስጠት ነው። እቁብ ማለት ነው፤ ሁሉም ይደርሰዋል፣ ዕጣው የሚወስነው ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው። አዲሱ የወተት ክፍያ ስምንት መሰብሰቢያ ጣቢያዎች ላይ ሊጀመር ከሆነ በየሁለት ወሩ ሁለት ሁለት ጣቢያ በዕጣ ይግባ። ገና ያልደረሳቸው ለደረሳቸው ማነጻጸሪያ ይሆናሉ። ጋምቢያ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን ያስገባችው እንዲህ በደረጃ ነው። በጀትና ባለሙያ በአንዴ ስለማይበቃ እኛም ብዙ ነገር በደረጃ ነው የምናስገባው። የጎደለው ተራውን በዕጣ ማድረግ ብቻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ዕጣው ለቀበሌ ከወጣ የሚቆጠረው ቀበሌው ነው። አራት ቀበሌ እዚህ፣ አራት ቀበሌ እዚያ አድርጋችሁ በየቀበሌው 200 ሰው ብትጠይቁም፣ በእጃችሁ ያለው ስምንት ነገር እንጂ 1,600 ነገር አይደለም። አንዱ ቀበሌ ጎበዝ ሊቀ መንበር ካለው ውጤቱን ብቻውን ሊያዞረው ይችላል። ከጥቂት ቀበሌ በላይ ማግኘት ካልቻላችሁ ወደ በፊትና በኋላው ተመለሱ፤ ውጤቱንም "አሳይቷል" ሳይሆን "ይጠቁማል" በሉት።

ከባለጉዳዩ ጋር አብሮ መሥራት

ይኸው ኢልካ ደብረ ብርሃን ጣቢያው ላይ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአንድ በሬ የሚጎተት ሞፈርና ቀንበር ሞክሮ ነበር። ሐሳቡ ሸጋ ነው። ብዙ ገበሬ አንድ በሬ ብቻ አለው፤ ጥማድ መሙላት አይችልም። ጣቢያው ላይ አንዱ በሬ አረሰ። ገበሬው ጋ ሲሄድ ግን አልተስፋፋም። ገበሬው መቀናጆ አለው፤ አንዱን በሬውን ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ በተራ ያርሳል። የእኛ ሙያ "የበሬ እጥረት" ያለውን እሱ በጉርብትና ፈትቶታል።

ሌላኛው ጫፍ መንዝ ላይ አለ። የመንዝን በግ ለማሻሻል ከውጭ የመጣ የአዋሲ ዝርያ በአመድ ጉያና በደብረ ብርሃን ለብዙ ዓመት ሲዳቀል ቆይቷል። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌላ መንገድ ተጀመረ። ገበሬዎቹ ራሳቸው ከመንዝ በግ ውስጥ ጥሩ ጥሩውን አውራ እየመረጡ በጋራ እንዲያራቡ ተደረገ። ተመራማሪው ክብደትና የትውልድ መዝገብ ይይዛል፤ የትኛው አውራ ይቅር፣ የትኛው ይሸጥ የሚለውን የሚወስነው ግን ባለ በጉ ነው። ገበሬው ከክብደት ሌላ ቀለምና ቀንድ ያያል፤ ገበያ ላይ ዋጋ አላቸውና። ይህ ጣቢያ ውስጥ ከተሠራው ጥናት ያመለጠ ዓይነት መረጃ ነው። ሥራው ዛሬም ድረስ በብዙ ቦታ ይጠቀሳል።

ይህ ዘዴ ቀርፋፋ ነው፣ ስብሰባ ይበዛበታል፣ ቲሲስ ለመጨረስ አይመችም። ነገር ግን አሠራሩ ከእናንተ መውጣት በኋላ በሰዎች እጅ የሚቆይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ማኅበር፣ የመስኖ ውሃ ክፍፍል ወይም የጤና ልማት ቡድን፣ እኔ ከዕጣውም አስቀድመዋለሁ። መጀመሪያ አብራችሁ ሥሩት፣ ከዚያ በዕጣ ፈትኑት።

ከተማ ላይ ሲሆን

ከተማ አንድ ስለሆነ ዕጣ አይወጣለትም። የሚያዋጣው ሊነሳ በሚችል ነገር መሞከር ነው። ኒውዮርክ በ2009 እ.ኤ.አ. ታይምስ ስኩዌር የሚባለውን አደባባይዋን ለመኪና ስትዘጋ መጀመሪያ ያመጣችው ተጣጣፊ ወንበር ነው፤ ኮንክሪቱ በኋላ መጣ። አዲስ አበባም ለገሃር ላይ የእግረኛ ቦታ በቀለምና በጊዜያዊ ማገጃ ተሞክሯል። ለባጃጁ ጉዳይም ድንጋይና ቀለም ይበቃል። ሁለት ነገር ብቻ አትርሱ። የገበያ ቀንንና ሌላውን ቀን ለየብቻ ቁጠሩ። ባጃጅ የተነሳበትን መንገድ ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ያለውንም ቁጠሩ፤ መጨናነቁ ሰፈር ቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ የቱን?

አንድ ሰው፣ ሦስት ወርና የኪስ ገንዘብ ብቻ ካላችሁ፦ አንድ ሳምንት ተቀምጣችሁ እዩ፣ ከዚያ በፊትና በኋላውን ከአንድ ማነጻጸሪያ ጣቢያ ጋር ሥሩ። ሁለት ዓመትና የዞን ድጋፍ ካለ፦ ተራ በዕጣ። ተጠቃሚው ራሱ የሚያስኪደው ነገር ከሆነ ከእሱ ጀምሩ። መጠይቁን ከእነዚህ ለአንዱ ማሟያ አድርጉት፣ ብቻውን አትላኩት።

ፈቃድ ነገር ላይ፦ ታካሚን ወይም የታካሚን ካርድ የሚነካ ሥራ ከሆነ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ አይበቃም፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማየት አለበት። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ኮሚቴ አለው። ይህን ፈቃድ ዳታ ከሰበሰቡ በኋላ መጠየቅ አይሠራም፣ ስለዚህ ጊዜውን ዕቅዱ ውስጥ አስገቡት።

የመጨረሻው የመንግሥት በጀት ጉዳይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ወረዳውና ከተማው ዕቅዳቸውን የሚያዘጋጁት ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። ሰኔ 25 የገባ ሪፖርት የሚነበበው፣ ከተነበበ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ነው። እስከ ሚያዝያ የሁለት ገጽ ውጤት ይድረሳቸው፤ ሙሉው ሰነድ ቆይቶ ቢመጣም ችግር የለውም።